ደብተር የማይዝ አባት

ሠርግ ቤት ውስጥ ከሙሽሮቹ ቀጥሎ ትልቁን ቦታ የያዘው ማን ነው ብትሉኝ፣ ደብተሩ ነው እላለሁ። ጓዳ አካባቢ ወይም ከድንኳኑ ጥግ አንድ ታማኝ ዘመድ እስክሪብቶውን ይዞ ይቀመጥና፣ “የእነ እገሌ ቤት አንድ በግ፣ እትዬ እገሊት አምስት መቶ ብር፣ የመሥሪያ ቤት ሰዎች ብርድ ልብስ” እያለ ይመዘግባል። ሠርጉ ያልፋል። ሙሽሮቹ ይወልዳሉ፤ አንዳንዴም ይፋታሉ። ደብተሩ ግን ከቤት ካርታው ጋር ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ከስምንት ዓመት በኋላ የእነ እገሌ ልጅ ስትዳር ከተቀመጠበት ይወጣል።

“በኛ ጊዜ ምን ነበር ያመጡት?”

“በግ።”

“እንግዲያው በግ ነዋ!”

በጉ በስምንት ዓመት ውስጥ ዋጋው ስንት እጥፍ እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። በግ በበግ ነው።

ይህን የማነሳው ለማሽሟጠጥ አይደለም። ባንክም ኢንሹራንስም ባልነበረበት ዘመን ይህን ሕዝብ ያቆመው ይኸው ሒሳብ ነው። ዛሬ ያንተን ማሳ አርሼ ነገ የኔን የምታርስልኝ ወንፈል፣ ዛሬ ያንተን ሬሳ ቀብሬ ነገ የኔን የምትቀብርልኝ እድር፣ ሁሉም “ብድር በምድር” በሚባለው አንድ ምሰሶ ላይ የቆሙ ናቸው። በአማርኛ ከሚሰነዘሩ ስድቦች መካከልም “ውለታ ቢስ” የሚባለውን ያህል አጥንት ሰብሮ የሚገባ ጥቂት ነው። ሌባ ቢሉት የማይደነግጥ ሰው እንኳ ውለታ ቢስ ሲሉት ይደነግጣል።

የኔ ጭንቅ ሌላ ነው። ደብተሩን ከሠርግ ቤት አውጥተን እግዚአብሔር ዘንድ ይዘነው መሄዳችን ነው።

እስቲ ጸሎታችንን ልብ ብላችሁ ስሙት። “ይህን ብታደርግልኝ ጃንጥላ አስገባለሁ።” ስለት ከልብ የመነጨ ምስጋና ሲሆን ያምራል፤ ማንም ሊነቅፈው አይገባም። ግን ቀስ እያለ ውል ይሆናል። ልጁ የታመመበት አንድ ወዳጄ፣ “ጾሜን አንድ ቀን ሳላጓድል እንዴት ይሄን ያደርግብኛል?” ብሎ ሲያማርር ሰምቼዋለሁ። አነጋገሩ የቁጠባ ሒሳቡ እንደተጓደለበት የባንክ ደንበኛ ነበር። ሌላ ወዳጅ ደግሞ አለኝ፤ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ከደረሰ ሃያ ዓመት ሊሆነው ነው። ምነው ስለው፣ “በምን ዓይኔ? ስንት ነገር ሠርቼ!” ይለኛል። የመጀመሪያው እግዚአብሔር ዕዳ አለበት ብሎ ተቆጥቷል። ሁለተኛው እኔ ዕዳ አለብኝ ብሎ ሸሽቷል። እዩልኝ እንግዲህ፤ ሁለቱም የያዙት አንድ ደብተር ነው። ገጹ ነው የተለያየው።

የክርስትና እምነት እንግዳ ነገር እዚህ ላይ ይጀምራል። ሐዋርያው ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች በጻፈው መልእክት አምስተኛው ምዕራፍ ላይ የሚከራከረው፣ ክርስቶስ የሞተልን ጥሩ ሰዎች ከሆንን በኋላ ሳይሆን ገና ኃጢአተኞች ሳለን ነው እያለ ነው። ማለትም ፍቅሩ ቀድሞ መጣ። ደብተሩ ሳይገለጥ፣ በጉ ሳይቆጠር፣ ብድር የሚመልስ ሰው መኖሩ ሳይረጋገጥ። ይህን ስብከት ስንሰማ “አሜን” እንላለን። የምንለው ግን ብዙ ጊዜ ስላልሰማነው ይመስለኛል። በትክክል የሰማው ሰው መጀመሪያ ይደነግጣል።

ዩኒቨርሲቲ ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር አጭር ታሪክ እንዴት እንደሚዋቀር ለማሳየት ሉቃስ ወንጌል 15ኛ ምዕራፍ ላይ ያለውን ታሪክ ክፍል ውስጥ አነሳ ነበር። “የጠፋው ልጅ” እንለዋለን። ታሪኩ ሲጀምር ግን የሚለን አንድ ሰው ሁለት ልጆች እንደነበሩት ነው። ርእሱን ያወጣንለት እኛ ነን፤ ባለታሪኩ አባትየው ነው።

ተማሪዎቼን እንዲቆጥሩ የማዛቸው ነገር ነበር። ልጁ ከአሳማዎቹ መካከል ሆኖ ለአባቱ የሚያቀርበውን ንግግር ያዘጋጃል። ንግግሩ ሦስት ክፍል አለው፦ በድያለሁ፣ ልጅህ ልባል አይገባኝም፣ እንደ ቅጥረኛህ አድርገኝ። አባቱ ፊት ሲቆም ስንቱን ተናገረ? ሁለቱን። ሦስተኛዋ የለችም። አባትየው አቋርጦታል። ልብስ አምጡ፣ ቀለበት አምጡ፣ ጫማ አምጡ ብሎ ወደ አገልጋዮቹ ዞሯል። ያቋረጠው የትኛው ላይ እንደሆነ ልብ በሉ። ኑዛዜውን ሰምቶታል፤ በድያለሁ የሚለውን አላፈነበትም። ያላስጨረሰው የሥራ ማመልከቻውን ነው። ቅጥረኛ ደመወዝ አለው፤ ደመወዝ ያለው ሰው ያጠፋውን ቀስ እያለ ይከፍላል። ልጁ ይዞት የመጣው የዕዳ አከፋፈል ዕቅድ ነበር። አባትየው ዕቅዱን ማየት አልፈለገም።

ሩጫውስ? በዚያ አገር ባህል የተከበረ ሽማግሌ አይሮጥም። በእኛም አይሮጥም። ጋቢ የለበሱ ትልቅ ሰው መንገድ ላይ ሲሮጡ ብናይ “ማን ሞተ?” ነው የምንለው። እኚህ አባት ግን ልጃቸውን ገና ከሩቅ ሲያዩት፣ ንግግሩን አዘጋጅቶ ይምጣ አይምጣ ሳያውቁ ሮጡ።

ከዚያ ታላቅ ወንድም ይመጣል። ተማሪዎቼ ብዙውን ጊዜ ክፉ ያደርጉት ነበር። እኔ ግን እከራከርለት ነበር፤ ምክንያቱም ሒሳቡ ትክክል ነው። ታሪኩ ሲጀምር አባትየው ንብረቱን ለሁለቱም አካፍሏል፤ ታናሹ ድርሻውን ወስዶ ጨርሷል። ስለዚህ ያ የታረደው የሰባ ፊሪዳ ከማን ድርሻ ነው? ከታላቁ! ደብተር ይዞ ለሚያስብ ሰው ይህ ዝርፊያ ነው። አቤቱታውም በቁጥር የተሞላ ነው፤ ስንት ዓመት እንዳገለገለ፣ ስንት ጊዜ ትእዛዝ እንዳላፈረሰ፣ ስንት ጥቦት እንዳልተሰጠው። ታናሹ ቅጥረኛ ልሁን ብሎ መጣ፤ ታላቁ ደግሞ ከቤት ሳይወጣ ሲቀጠር ኖሯል። አንዱም እንደ ልጅ አልኖረም። አባትየው ለታናሹ ሮጦ እንደወጣ ለታላቁም ከግብዣው ተነሥቶ ወደ ውጭ ወጣ፤ ለመነው።

ይህን ነገር መጽሐፍ ላይ ማንበብና ጎረቤት ላይ ማየት ይለያያል።

በ2006 ዓ.ም. የሳዑዲ ዓረቢያ መንግሥት ሕጋዊ ፈቃድ የላቸውም ያላቸውን የውጭ ዜጎች ሲያስወጣ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ከእነሱ አንዷ የጎረቤታችን ልጅ ነበረች። እናትየውን እትዬ እንላቸዋለን። ልጅቷ የደላላው ዕዳ ገና ተከፍሎ ሳያልቅ ነበር አንድ ፌስታል ይዛ የመጣችው። የሰፈሩ ሰው እንኳን ደህና ገባች ለማለት ጎረፈ። ቡናው ሲፈላ ዓይኑ ግን ሻንጣ ይፈልግ ነበር። ከመካከላችን አንዷ መቻል አቅቷት፣ “ለመሆኑ ምን ይዛ መጣች?” አለቻቸው።

እትዬ ረከቦቱን እያስተካከሉ፣ “ራሷን ይዛልኝ መጣች፤ ሌላ ምን ትያዝ?” አሉ።

ታሪኩ እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ስብከት ይወጣው ነበር። አላለቀም። ልጅቷ በነጋታው ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነሥታ ግቢውን ጠረገች። ልብስ አጠበች፣ ቡና አፈላች፣ የሁሉንም ጫማ ጠረገች። ማዕድ ሲቀርብ አትቀመጥም፤ ሰው በልቶ ሲጨርስ ማጀት ቆማ ትቀምሳለች። አንድ ቀን፣ ሁለት ቀን፣ አንድ ወር። ምነው ልጄ ሲሏት፣ “ቢያንስ የምበላውን ልሥራ እንጂ እማዬ” ትላለች። እናቷ አለቀሱ፣ ተቆጡ፣ መከሩ። “እኔ የናፈቅሁት ልጄን ነው፤ ሠራተኛ ብፈልግማ እቀጥር ነበር” አሏት። አልሰማችም። ባዶ እጇን መምጣቷን አንድም ሰው ጥፋት አላለባትም፤ እሷ ግን በራሷ ላይ ደብተር ከፍታ በየቀኑ ትከፍል ነበር።

ከወራት በኋላ አንድ ቅዳሜ ጠዋት እትዬ አጥሩን አልፈው መጡ። ፊታቸው በርቷል። “መምህር፣ ጉድ ልንገርህ? ዛሬ እኮ እስከ ሦስት ሰዓት ተኛች!” በልጃቸው መተኛት እንዲያ የፈነጠዙ እናት አይቼ አላውቅም። ነገሩ የገባኝ ቡናቸውን ልጠጣ ስሄድ ነው። ልጅቷ ፀጉሯ እንደተንጨባረረ ከእናቷ ጎን ተቀምጣ ቁርስ ትበላ ነበር። የትም ያልነበረችው ልጅ ያን ዕለት ቤቷ ገባች።

እንግዲህ የሚከብደው ይሄ ነው። መውደድ ይከብዳል እንላለን፤ እውነት ነው። ያልሠሩበትን ፍቅር መቀበል ግን አንዳንዴ ከዚያ ይብሳል። ለከፈልንበት ነገር ባለቤቶች ነን፤ አንገታችንን ቀና እናደርጋለን። በነጻ የተሰጠን ሰው ግን እጁን ዘርግቶ ከመቀበል በቀር የሚያደርገው የለም። ኩሩ ሰው ይህን አይወድም። እኛ ደግሞ ኩሩዎች ነን።

ቪክቶር ሁጎ እ.ኤ.አ. በ1862 ባሳተመው “ሌ ሚዜራብል” በተባለው ልብ ወለዱ ውስጥ ይህን የሚያሳዩ ሁለት ሰዎች አሉ። ዣን ቫልዣን ዳቦ ሰርቆ፣ ለማምለጥ ሲሞክር ደግሞ ፍርዱ እየተጨመረበት 19 ዓመት የታሰረ ሰው ነው። ሲፈታ ያሳደሩትን ጳጳስ የብር ዕቃ ይሰርቃል። ፖሊሶች ይዘውት ሲመጡ ጳጳሱ የሰጠሁት እኔ ነኝ ይላሉ፤ መቅረዞቹንም ይጨምሩለታል። ሁለተኛው ሰው ዣቬር ነው፤ ሕግ አክባሪ፣ ጉቦ የማይነካ፣ ዕድሜውን ሙሉ ቫልዣንን ያሳደደ የፖሊስ መኮንን። አንድ ቀን ሕይወቱ ቫልዣን እጅ ላይ ይወድቃል። ቫልዣን ይለቀዋል። ዣቬር ይህን መሸከም አልቻለም። የሚያውቀው ዓለም ወንጀለኛ የሚቀጣበት፣ ንጹሕ የሚሸለምበት ዓለም ነው፤ በወንጀለኛ ምሕረት የሚኖር ፖሊስ የሚመዘገብበት ገጽ በደብተሩ የለም። ሴን ወንዝ ውስጥ ራሱን ወረወረ። ያው አንድ ዓይነት ምሕረት አንዱን ሰው አደረገ፤ ሌላውን ሰበረ። ልዩነቱ የተሰጠው ላይ አልነበረም፤ አቀባበሉ ላይ ነው።

የራሳችንም ታሪክ አለን። በተአምረ ማርያም ስለ በላዔ ሰብእ የማያውቅ የለም፤ የካቲት 16 ቀን ኪዳነ ምሕረት ሲከበር ይተረካል፤ ጣና ዳር ዘጌ ላይ በሚገኘው የኡራ ኪዳነ ምሕረት ግድግዳ ላይም ተሥሏል። 78 ሰው የበላ ሰው ነው። በማርያም ስም ለለመነው ለተጠማ ድኩም ጥርኝ ውኃ ሰጠ። ሲሞት 78ቱ ነፍሳት በአንድ ወገን፣ ጥርኟ ውኃ በሌላ ወገን ተመዘኑ። በታሪኩ ላይ የነገረ መለኮት ክርክር የሚያነሱ አሉ፤ እሱን ለባለቤቶቹ ልተውና እንደ ሥነ ጽሑፍ ሰው አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን ታሪኩን የምንሰማው “አየህ፣ ትንሽ ደግ ሥራ እንኳ ትጠቅማለች” ብለን ነው። ደብተራችንን እዚህም ይዘን ገባን ማለት ነው። ውኃዋ እኮ አልመዘነችም! ሚዛኑን ያስደፋው እመቤታችን የጣለችበት ጥላ ነው። ጥላ ደግሞ ክብደት የለውም። ታሪኩ ሚዛን ይዞ መጥቶ ሚዛኑን ራሱን ያፈርሳል።

እዚህ ላይ “ቆይ እንጂ!” የሚል አንባቢ ይኖራል። “78ቱ ሰዎችስ? እናት አልነበራቸውም? ነፍሰ ገዳይን በነጻ የሚወድ አምላክ የሟችን እናት ምን ሊላት ነው? እንግዲያማ ሁላችንም እንደ ልባችን እንሁና!” ጥያቄው ተገቢ ነው። ጳውሎስም ይህ እንደሚነሣ አውቆ እዚያው የሮሜ መልእክት ስድስተኛው ምዕራፍ ላይ ራሱ ጠይቆ ራሱ በቁጣ መልሶታል። ሂትለርን በመቃወሙ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 9 ቀን 1945 የተሰቀለው ጀርመናዊው የነገረ መለኮት ምሁር ዲትሪሽ ቦንሆፈርም በ1937 ባወጣው መጽሐፉ፣ ጸጋን እንደ ርካሽ ሸቀጥ የሚቸረችሩትን በጽኑ ተችቷል።

ለእኔ መልሱ ከዘኬዎስ ታሪክ ይገኛል። ሰውዬው ቀራጭ ነው፤ ድሃ በዝብዞ የከበረ። ኢየሱስ ከዛፉ አስወርዶ ቤቱ ሊያድር ገባ። ሕዝቡ አጉረመረመ። ከዚያ በኋላ ዘኬዎስ ተነሥቶ የንብረቱን ግማሽ ለድሆች እንደሚሰጥ፣ ያታለለውንም ሰው አራት እጥፍ እንደሚክስ ተናገረ። ቅደም ተከተሉን እዩ። ካሳው ቀርቷል? አልቀረም፤ እንዲያውም አራት እጥፍ ሆኗል። የተበደሉት ሰዎች አልተረሱም። ግን ካሳው የመግቢያ ዋጋ አልነበረም። እንግዳው መጀመሪያ ገባ፤ ካሳው ከተወደደ ሰው ልብ ተከትሎ መጣ። ቅድመ ሁኔታ የለውም ማለት ውጤት የለውም ማለት አይደለም። እርያ ጋጣውን ጥሩ ቦታ ነው የሚል ፍቅርም አይደለም። ፍቅሩ ዓይኑን ጨፍኖ አይደለም የሚወድ፤ አይቶ፣ አውቆ፣ ደብተሩን ዘግቶ ነው።

ለመክፈል ጊዜ ለሌለውስ? በስቅለት ዕለት የምናስበው ፈያታዊ ዘየማን ለዚህ መልስ ነው። እጁ ተቸንክሯል፤ አይመጸውትም። እግሩ ተቸንክሯል፤ ቤተ መቅደስ አይሄድም። ነገ የለውም፤ አይጾምም። ስለት አይሳል፣ ጃንጥላ አያስገባ። የቀረው አንደበት ብቻ ነበር፤ በእሱ አስበኝ አለ። ገነት ከገቡት ሁሉ ይህን ያህል ባዶ እጁን የገባ ሰው አላውቅም።

እኔ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ማርክ ስሰጥ ነው። ኤ ለሚገባው ኤ፣ ኤፍ ለሚገባው ኤፍ፤ ሬጅስትራሩም ያለዚያ አይቀበልም። ስለዚህ የወይኑ እርሻ ጌታ አንድ ሰዓት ለሠራውና ቀኑን ሙሉ ለደከመው እኩል ሲከፍል የሚያጉረመርሙትን ሰዎች ድምፅ አውቀዋለሁ፤ የኔም ድምፅ ነው። ምድር ላይ እንዲህ ዓይነት መምህር ቢኖር ከሥራ ይባረራል። ደግሞም መባረር አለበት! ፈተናን በፍቅር አያርሙትም። ነገር ግን ልጅ ፈተና አይደለም። ሚስት፣ ባል፣ ወንድም፣ ጎረቤት የፈተና ወረቀት አይደሉም። መንግሥት፣ ፍርድ ቤትና ዩኒቨርሲቲ ሚዛናቸውን ይያዙ። ቤታችን ውስጥ ግን በየማዕዱ ላይ ሚዛን ስናስቀምጥ፣ “ስንት ደክሜብህ!” እያልን ልጆቻችንን ስናሳድግ፣ እነሱም እኛ ዘንድ መምጣት የሚችሉት ሻንጣ ሲይዙ ብቻ ይመስላቸዋል። ፌስታል ይዘው የቀሩ ስንት አሉ? በየከተማው፣ በየባዕድ አገሩ፣ ስልክ መደወል አፍረው የጠፉ? “ምን ይዤ ልግባ” ያሉ?

የሉቃስ ታሪክ ታላቁ ወንድም ይግባ አይግባ ሳይነግረን ነው የሚያልቀው። የተነገረው ለሚያጉረመርሙ ፈሪሳውያንና ጸሐፍት ስለነበር መጨረሻውን ለእነሱ የተወላቸው ይመስለኛል። በሩ ክፍት ነው፤ ከውስጥ ዘፈንና ጭፈራ ይሰማል፤ አባትየው ደጅ ቆሞ ይለምናል። ሰውዬው ሒሳቡ ልክ ነው፤ አንድ ሳንቲም አልተሳሳተም። ብርድ ላይ ያለው ግን እሱ ነው።